ሙቀጫው ዝም ያለበት ጓዳ

ዶክተር አስናቀው የበዛችን ደጅ ሲያንኳኳ እሷ በርበሬ እየወቀጠች ነበር። በበሩ ስንጥቅ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ጫማውን አይታ ማን እንደመጣ አውቃለች። ዘነዘናውን ግን አላስቀመጠችም። ይህን ኳኳታ ሁለት ዓመት ስትጠብቅ የኖረች ሴት፣ እሱ ለጥቂት ደቂቃ ደጅ ቢጠናት ምን ይሆናል? የያዘችውን በርበሬ አድቅቃ፣ ነፍታ፣ እጇን ታጥባ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ነው የከፈተችለት።

ሰውዬው ደረቱ ላይ አንድ ሣጥን ታቅፎ ቆሟል። አስተቃቀፉ ሕፃን ክርስትና የሚያስነሳ ሰው ይመስላል።

«እትዬ በዛች፣ እንደምን ዋሉ?»

«ይመስገን። ምነው ዶክተር፣ መንገድ ጠፋብዎት?»

«ኧረ ሆን ብዬ ነው የመጣሁት።»

ገብቶ ተቀመጠና ሣጥኑን ከፈተው። በዛች ብልቃጡን ገና ስታየው አወቀችው። አንገቱ ላይ እሷ ራሷ፣ ዓይን እንዳይበላው ብላ ያሰረችው ቀይ ክር አሁንም አለ። አልፈቱትም። የልጇን ስም ሲያጠፉ ክሩን ረስተውታል።

«ጃፓን ያሉት ተመራማሪዎች ጠጠሩን እንደገና ፈለጉት» አለ አስናቀው። «የማግኔቱን ነገር በደንብ ሊለኩት ነው። እኔ አራት ጊዜ ሞከርኩ፤ አራቱንም ጊዜ ጥላሸት ሆነብኝ። ከዱቄቱ የቀረው ይቺ ቁንጥር ናት፤ ሌላ አይመጣም። መጀመሪያ የበቀለው እዚህ ጓዳ ነውና፣ እዚሁ ላስቀምጠው ብዬ ነው።»

«እዚህ ነው እንዴ የበቀለው? እኔስ ላቦራቶሪያችሁ መስሎኝ። ሰሌዳው ላይ እንደዚያ ብሎ ነው ያነበብኩት።»

አስናቀው ቀና ብሎ አያት። እሱ የሚያውቃት በዛች ፈርሚ ሲሏት አውራ ጣቷን ቀለም የምትነክር ሴት ነበረች።

በዛች መካነ ሰላም ውስጥ በበርበሬዋ የታወቀች ናት። ባሏ ውበቱ ከሞተ ወዲህ አንድ ልጇን፣ የኔአለምን፣ ያሳደገችው በዚያው ሙቀጫ ነው። ልጅቷ ትምህርት ወዳድ ወጣችና ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ ኮሌጅ በፊዚክስ ለሁለተኛ ዲግሪ ትማር ነበር፤ አማካሪዋ ይኸው ዶክተር አስናቀው።

የምታጠናው ነገር በዓይን አይታይም። እናትየው «ንገሪኝ እስቲ» እያለች ስትወተውታት አንድ ቀን እንዲህ ብላ አስረዳቻት።

«ብዙ ቤት ያለበት መንደር አስቢ እማ። ቤቶቹ ሞለኪውል ይባላሉ። በእያንዳንዱ ቤት አንድ ኤሌክትሮን ይኖራል። ኤሌክትሮኖች ደግሞ እርስ በርስ አይቻቻሉም። አንዱ ወደ ጎረቤት ልሂድ ቢል እዚያም ሌላ አለ፤ ስለዚህ ሁሉም በየቤቱ ተዘግቶ ይቀመጣል። መብራት የምንለው የነሱ መሄድ ነው፤ እነሱ ካልሄዱ መብራት የለም።»

«ተኳርፈዋላ።»

«ተኳርፈዋል። ኩርፊያቸውም ሥርዓት አለው። አንዱ ወደ ላይ ሲዞር ጎረቤቱ ወደ ታች ይዞራል፤ ቀጥሎ ያለው እንደገና ወደ ላይ። ማግኔትነታቸው እሱ ነው። ታዲያ መንደሩን ከዳር እስከ ዳር ጫን ብለሽ ብታጠብቢው፣ በጣምም ብታቀዘቅዢው፣ ያው ኩርፈኞች ሁለት ሁለት ሆነው ይወጡና ያለ ምንም ድካም ይሄዳሉ። የሚገታቸው ነገር የለም። ያን ጊዜ መንደሩ ያለበትን ጠጠር ልዕለ አስተላላፊ እንለዋለን።»

«ማን አስታረቃቸው?»

«ጥያቄው እሱ አይደል! አንዳንዶች ያጣመራቸው ያው ጠባቸው ነው ይላሉ። እኔም እሱን ነው የማጠናው።»

በዛች ነገሩ አልራቃትም። ከጎረቤቷ ከሱሀይላ ጋር በአንድ የጎርፍ ቦይ ተጣልተው አራት ዓመት ጀርባ ለጀርባ ኖረዋል። ሱሀይላ ከአረብ አገር ተመልሳ ቤት ስትሠራ በሯን እንኳ ሆን ብላ ወደ ወዲያ ነው ያዞረችው። ኋላ ተኩስ ከተማዋን ሲያስጨንቃት ሁለቱ በአንድ ጓዳ ሳምንት ተደብቀው ወጡ። ከዚያ ወዲህ አንዷ ያለ አንዷ ገበያ አትወጣም፤ ለጎልማሶች ትምህርት የተመዘገቡትም አብረው ነው።

ያ ክሪስታል የሚሉት ጠጠር የሚበቅለው በብልቃጥ ነው። ሁለት የመስታወት ብልቃጥ በመሐል በአንድ ክንድ ይያያዛሉ፤ ብርቱካንማው ዱቄት በፈሳሽ ይሟሟባቸዋል፤ ከዚያ በቀጫጭን ሽቦ ከቁጥር የማይገባ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይለቀቅበታል። አርባ ቀን ንቅንቅ ሳይል መቀመጥ አለበት። ኮሌጁ ውስጥ ጄኔሬተሩ ያንቀጠቅጠዋል። የበዛች ጓዳ ግን የድንጋይ ግድግዳ ነው፤ ቀዝቃዛና ጨለማ። የኔአለም ብልቃጡን እዚያ አስቀመጠች፤ ከባትሪና ከሶላር ጋር አያያዘችውና «እማ፣ መለኪያው ላይ ሁለት የሚለው ቁጥር እንዳይጠፋ። ምናልባት ብዘገይ፣ በአርባ ቀኑ ሽቦውን ንቀይልኝ» ብላ ለሦስት ሳምንት አዲስ አበባ ሄደች።

ሦስት ሳምንቱ ሦስት ወር ሆነ። መንገዱ ተዘጋ፤ ስልኩም ተቋረጠ። በዛች ከብልቃጡ ጋር ብቻዋን ቀረች።

ጊዜው ክረምት ነበር። ገና በሁለተኛው ቀን ፀሐይ ጠፋችና ባትሪው መድከም ጀመረ። የምትጠይቀው ሰው የለም። ልቧ ተሸበረ። ባትሪው ከሞተ የልጇ ሥራ ይሞታል። ስለዚህ የምታውቀውን አደረገች፤ እህል ያነሰው ቤት መቁነኑን በግማሽ ይቀንሳል። ማዞሪያውን ቀስ አድርጋ መለሰችው፤ ሁለት የነበረው ቁጥር አንድ ሆነ። በግማሽ ከበላ ደግሞ ዕጥፍ ጊዜ ይፈጅበታል ብላ አሰበች፤ አርባው ሰማንያ። ቁጥሩን ከአፏ ስታወጣው ደንግጣ አማተበች። የወንድ ልጅ ክርስትና በአርባ ቀን ነው፤ የሴት በሰማንያ። «የሴት ልጅ ሥራ አይደል፣ በሰማንያው ይውጣ» አለች፤ ልቧም ተረጋጋ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓዳውን እንደ አራስ ቤት ያዘችው። ሙቀጫዋን ገልብጣ አስቀመጠችና ጥጥ እየፈተለች ኖረች፤ ጥጥ ድምፅ የለውማ። ከፀሐይ ወይም ከመንገድ የመጣ ሰው ላቡ እስኪደርቅ ደጅ ሳይቀመጥ አይገባም። ሱሀይላ ደጃፉ ላይ ተጎልታ ትስቅባት ነበር።

«ወላሂ በዛች፣ በዚህ ዕድሜሽ ጠርሙስ ወለድሽ?»

«ዝም በይ፣ ይሰማሻል።»

ማታ ማታ የምትማረውን ፊደል ቀን ቀን ደብተር ላይ ትለማመደዋለች። መስመሩ ተራራ ይወጣል፤ ሸለቆ ይወርዳል። «ቀን 31። ቁጥሩ 1። ዝናብ። ሱሀይላ መጣች። ደጅ ተቀመጠች።» እንዲህ እያለ ሰማንያ ቀን።

የኔአለም በሰማንያ ስድስተኛው ቀን ደረሰች። ብልቃጡን ወደ ብርሃን አውጥታ ስታየው ሽቦው ላይ ጥቁር፣ ጠፍጣፋ፣ እንደ ተልባ ፍሬ የሚያበራ ነገር ተሰካክቷል። ከአሸዋ የሚበልጥ አልጠበቀችም ነበር። እናቷን አቅፋ አለቀሰች።

«በአርባው ቀን ነው የነቀልሽልኝ አይደል?»

«አዎ» አለች በዛች።

ለምን እንዲህ እንዳለች እሷም አታውቅም። ልጄ ያዘዘችኝን አፍርሼ ብላ ፈራች። ደብተሩን እንዳታሳያት ደግሞ ጠማማ ጽሑፏ አሳፈራት። አንዲት ቃል ናት።

ጠጠሮቹን አስናቀው ራሱ ጃፓን ይዟቸው ሄደ። እዚያ አቀዝቅዘው፣ ጫን ብለው ሲለኳቸው ልክ የኔአለም እንዳለችው ሆኑ፤ ኩርፈኞቹ ተጣምረው ወጡ። ድገሙት ተባለ። የኔአለም ኮሌጁ ውስጥ፣ ጄኔሬተሩ ጠፍቶላት፣ በጽሑፏ እንዳሰፈረችው በሁለት ቁጥር፣ በአርባ ቀን ደገመችው። ጥላሸት ሆነ። እንደገና፤ ጥላሸት። ያን ጊዜ አስናቀው «የመጀመሪያው በዕድል የወጣ ነው። መድገም ያልቻልሽው ሥራ ያንቺ አይደለም» አላት። ጽሑፉ ሲታተም ስሟ አልነበረበትም።

በዛች ይህን የሰማችው ከልጇ አይደለም። በርበሬ ልታደርስ ኮሌጁ በር ላይ ስትደርስ ሰሌዳው ላይ የእንኳን ደስ አለዎት ማስታወቂያ ተለጥፏል። ጣቷን ከሥሩ እያስኬደች አነበበችው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ያለማንም እርዳታ ያነበበችው የመጀመሪያ ጽሑፍ እሱ ነው። «በዶክተር አስናቀው መሪነት፣ በኮሌጃችን ላቦራቶሪ፣ በአርባ ቀን የበቀለ።» የኔአለም የሚል ፊደል ፈለገች። እንደገና ከላይ ጀምራ ፈለገች። የለም።

«በአርባ ቀን» የሚለውን ቃል ግን መልሳ አነበበችው። ያቺ «አዎ» ምን እንዳደረገች ገባት።

የዚያኑ ዕለት ለልጇ መንገር ነበረባት። አልነገረቻትም። የኔአለም አቀስታ ሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ሆና ሄደች፤ ስለ ኤሌክትሮን ማውራትም ተወች። በዛች ግን ደብተሩን በጨርቅ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ቁልፉ በእኔ እጅ ነው አለች። ይመጣል። አንድ ቀን እግሩ ይመራዋል። ቂም ሲይዙት እንደ ርሾ ነው፤ ካልነኩት ያድጋል።

አሁን መጣ። ሣጥኑን ታቅፎ መጣ።

«ይቀመጥ» አለችው። «ግን መለኪያውን እኔ ነኝ የማየው። ሃያኛው ቀን ቅዳሜ ነው፤ ያን ጊዜ ይምጡ።»

ዱቄቱን አሟሙቶ፣ ሽቦውን አያይዞ፣ ቁጥሩን ሁለት ላይ አድርጎ እያመሰገነ ሄደ። ዱካው ሲርቅ በዛች ወደ ጓዳ ገብታ ማዞሪያውን አንድ ላይ መለሰችው። ሙቀጫዋንም ገለበጠችው፤ ደብተሩንም ከተቆለፈበት አውጥታ «ቀን 1» ብላ እንደገና ጀመረች።

በሃያኛው ቀን አስናቀው ገና በጠዋቱ ከተፍ አለ። በዛች ሱሀይላን አስቀድማ ጠርታታለች። ሙቀጫው ተቃንቷል፤ ከብልቃጡ መደርደሪያ ሥር፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆሟል። አስናቀው በእጅ ባትሪ ወደ ብልቃጡ አበራ። ሽቦው ላይ ነጥብ ነጥብ የሚያክሉ፣ ግን ስል ጠርዝ ያላቸው ጥቁሮች ይታያሉ።

«እትዬ!» አለ። «ይኸው! ይኸው እኮ ነው! ምን አድርገው ነው?»

«ቁጭ በል» አለች በዛች።

አንቱታው መቅረቱን ሦስቱም ሰሙት።

ዘነዘናውን አነሳች። አስናቀው ከወንበሩ ብድግ አለ።

«እንዳይወቅጡ! እትዬ፣ በአንድ ምት ይረግፋል!»

«አውቃለሁ። ሰማንያ ቀን ሳልወቅጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የዚህን ምት ዋጋ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም።» በሁለት እጇ ከፍ አደረገችው። «ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አለ። የምልህን ትጽፋለህ።»

«ይሄ ማስፈራራት ነው።»

«ነው» አለች።

ሱሀይላ በከንፈሯ ዱዓ ጀመረች። በዛች እንደምትመታው ታውቃለችና። በዛችም ታውቃለች። የቀረው ዱቄት ይህ ብቻ ነው፤ ብትመታው የኔአለምም ተስፋ አብሮ ይደቃል። እጇ ግን አልወረደም። ሁለት ዓመት የተሸከመችው ነገር ከዘነዘናው ይከብድ ነበር።

አስናቀው ብልቃጡን አየ፤ እሷን አየ። «እኔስ ቢሆን» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ተማሪ ሳለሁ የኔም ሥራ ተወስዶብኛል። እንዲህ ነው የሚሠራው።»

«ታዲያ ሕመሙን እያወቅከው ነዋ። የባሰ አደረግከው። ጻፍ!»

ተቀመጠ። እሷ ቃል በቃል ተናገረች፤ እሱ ጻፈ። ክሪስታሉ የበቀለው በላቦራቶሪያችን አይደለም። ያበቀለችው የኔአለም ውበቱ ናት፤ የበቀለውም በእናቷ ጓዳ ነው። በዛች ዘነዘናውን እንደያዘች በትከሻው ላይ አጎንብሳ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታነባለች። እሱ ፈጠን ብሎ «ስሟም በስህተት ቀርቷል» ሲል ጻፈ።

«እሱን አላልኩም።»

«ያው ነው እትዬ፤ ትርጉሙ...»

«ያው አይደለም። ስህተት አይደለም። 'ስሟን የሰረዝኩት እኔ ነኝ' ብለህ ጻፍ። እሱን ሰርዘው። አንድ ጊዜ ብቻ! እኔ ስማር መምህራችን ደጋግሞ መሰረዝ አይፈቅድልኝም ነበር።»

ሱሀይላ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። አስናቀው ላቡን ጠረገና ጻፈ። ሲጨርስ ጮክ ብሎ እንዲያነበው አደረገችው። መሐል ላይ ድምፁ ሲያንስ «አልተሰማኝም፤ ከላይ ጀምር» አለችው። ሁለተኛ ሲያነበው የበዛች አንጀት ቅቤ ጠጣ።

እሱ እንግሊዝኛውን ከሥሩ ጨምሮ በስልኩ ፎቶ ካነሳው በኋላ የሚላከውን ሱሀይላ ተቆጣጠረች፤ ስልክ ታውቃለችና። ለጃፓኖቹ፣ ለአሳታሚው፣ ለኮሌጁ፣ እንግሊዝኛውን እንድታየው ደግሞ ለየኔአለም። ኔትወርክ አልነበረም። ዶክተሩ የድንጋይ አጥሩ ላይ ወጥቶ ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ቆመ፤ ሱሀይላ ከሥሩ «ከፍ አድርገው እንጂ! ወደ ወግዲ በኩል አዙረው!» ትለዋለች። ሲሄድለት ወረደ።

«አሁን ይንገሩኝ» አለ። «ሃያ ቀን ነው የቀረኝ። በአርባው ቀን ይዤው መሄድ አለብኝ።»

በዛች ያን ጊዜ ነው ዘነዘናውን ያስቀመጠችው። በቀስታ፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ ጨርቅ ላይ።

«የሴት ልጅ ሥራ ነው» አለች። «በሰማንያ ቀን ነው የሚወጣ። ቁጥሩም አንድ ነው እንጂ ሁለት አይደለም። አራት ጊዜ ያቃጠልከው በጥድፊያ ነው።»

አስናቀው በጣቱ አሰላ። ግማሽ፣ ዕጥፍ። ቀስ ሲል ትልቅ ይበቅላል። ማንም ተማሪ ሊደርስበት የሚችል ነገር ነው። «የኔ ጉዞ ያልፋል» አለ።

«ያልፋላ። ላንተ ጉዞ ነው። ስሟ አሁን ደርሷቸዋል፤ ልጄን ይጠብቋታል።»

የኔአለም በማግስቱ ከአቀስታ በሚኒባስ መጣች። መልእክቱን አይታዋለች፤ ፊቷ ግን የደስታ አልነበረም። በዛች ደብተሩን ከጨርቁ ፈታ ሰጠቻት፤ ሰማንያውን ቀን፤ ያቺን «አዎ»ም ነገረቻት። ልጅቷ ገጽ በገጽ አነበበች። ዝናብ። ቁጥሩ 1። ዝናብ።

«እሺ፣ ያን ጊዜ ፈራሽ» አለች በመጨረሻ። «ይገባኛል። ሰሌዳውን ያነበብሽ ዕለትስ?»

በዛች ደብተሩ የነበረበትን ጨርቅ ማጠፍ ጀመረች።

«እሱን ለመያዝ ብለሽ ነው እማ። ለሱ ወጥመድ ስትጠምጂ እኔ ሁለት ዓመት ሌሊት ሌሊት የት ነው የተሳሳትኩት እያልኩ ነበር።»

በዛች እግሯ ሥር ልትደፋ ስትል ልጅቷ ያዘቻት፤ ግን አላቀፈቻትም። ቀኑን ሙሉ አላናገረቻትም። የቀረበላትን ምሳም አልነካችም። በዛች ጥጧን ይዛ ጥግ ተቀመጠች፤ ክሩ እየተበጠሰ አስቸገራት። በአስናቀው ላይ ያነሳችው ዘነዘና የት እንዳረፈ አሁን አየችው።

አመሻሹ ላይ የኔአለም ተነስታ ጓዳ ገባች። ብዙ ቆየች። ስትወጣ ደብተሩን ይዛለች።

«የትናንቱንና የዛሬውን አልጻፍሽም» አለች።

«እጄ ይንቀጠቀጣል።»

«ይንቀጥቀጥ። ጻፊው። ይሄ ደብተር አብሮኝ ጃፓን ነው የሚሄደው።»

«ይሄ ጠማማው?»

«ይሄው ጠማማው።» ከዚያ ቆጣ ብላ ጨመረች፤ «የሱም ስም ይኖራል እማ። ዱቄቱን ያስመጣው እሱ ነው። እኔ የሰው ስም አልሰርዝም።»

በዛች እንዝርቷን አስቀመጠች። «ካንቺ በታች?»

«በታች።»

«በጣም በታች?»

የኔአለም ሳትፈልግ ሳቀች፤ ስትስቅም እናቷን አላየቻትም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በሩ ተንኳኳ። አስናቀው ነው፤ ዳገቱን በእግሩ ወጥቶ ያለከልካል፤ አንገቱ ረጥቧል። የኔአለም ጠረጴዛው ላይ እየጻፈች ነበር፤ ቀና ብላ ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ሰላም አለችው።

«ትንሽ ባየው ብዬ ነው» አለ። «ከበር ሆኜም ቢሆን።»

በዛች እንዝርቷን ሳታቆም ደጃፉ ላይ ያለውን ድንጋይ በአገጯ አሳየችው።

«ቁጭ በል። መጀመሪያ ላብህ ይድረቅ።»